ምንጩ ሳይነካ ግንባታው ሲወድቅ

እህቴ፣ ከሐረር የላክሽው ጥያቄ እኔንም እዚህ ድሬዳዋ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ዴቢያን 13 ከተባለው የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና የአንድ ፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) ምንጭ ኮድ አውርደሽ ሁለት መስመር ልታስተካክዪ አሰብሽ፤ ገና ምንም ሳትነኪ ግንባታው (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየሩ) ፕሮግራሙን በሚሞክረው ፍተሻ ላይ ወደቀ። «እትሙ የተረጋጋ ነው እየተባለ እንዴት ይወድቃል? ፍተሻውን ልዝለለው?» ብለሻል።

ምክንያቱን ሳታውቂ አትዝለዪው። እትሙ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ሲወጣ ኮዱ ባለበት ቆሟል፤ ቀኑ ግን አይቆምም።

የተረጋጋው እትም ገና ዴቢያን 12 በነበረበት ጊዜ ከዚራ ባለው ቢሮአችን ተመሳሳይ ነገር ገጠመኝ። የሎጉ፣ ማለትም የግንባታው መዝገብ፣ የመጨረሻ መስመር «ፍተሻው አልተሳካም» ከማለት በቀር ምንም አይናገርም። ሁለት ቀን ኮዱን የሚተረጉመውን ኮምፓይለር ስጠረጥር ከረምሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ክፍሉን እንደ ምጣድ ባጋለው ሰዓት፣ ሎጉን ከላይ ጀምሬ የመጀመሪያውን ስህተት ፈለግሁ። «ሰርቲፊኬቱ ጊዜው አልፎበታል» ይላል። ለፍተሻ ብቻ ተዘጋጅቶ ከኮዱ ጋር የተቀመጠ ሰርቲፊኬት (የማንነት ማረጋገጫ ፋይል) ነው። ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው መሣሪያ ከፍቼ የማብቂያ ቀኑን አየሁት፤ አልፏል። ለፕሮግራም የሐሰት ቀን በሚያሳየው በፌክታይም ሰዓቱን እትሙ ወደ ወጣበት ወር መልሼ ስገነባ ያለ አንዳች እንከን አለቀ። ፕሮግራሙ ጤነኛ ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብቻ የሚወድቅ ፓኬጅ አገኘሁ። አንዱ ፍተሻ ተደብቆ ወደ ውጭ ድረ ገጽ ይደውል ነበር። በዴቢያን ደንብ ግንባታ በኔትወርክ ላይ መመካት አይፈቀድለትም፤ መቋረጡ ባያጋልጠው ኖሮ አናውቀውም ነበር። የእኛ የሰዓት ቀጠና ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት መቅደሙም አንዳንድ ፍተሻዎችን ይጥላል። ስለዚህ በራስሽ ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን በኤስቢልድ (የዴቢያን የግንባታ መሣሪያ)፣ ንጹሕ በሆነ ከባቢ ውስጥ ገንቢ። አንዴ ወድቆ አንዴ የሚያልፍ ከሆነ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ እንዲሠራ አድርገሽ ሞክሪው፤ ብዙ ጊዜ በፍተሻዎች መካከል ያለ ሽሚያ ነው።

ማስተካከያውን በተቻለ መጠን አሳንሺው። አዲስ የፕሮግራም ስሪት ማስገባት ለተረጋጋ እትም አይሆንም፤ ሰርቲፊኬቱን ማደስ ወይም ያንን አንድ ፍተሻ ማረም ይበቃል። እርማቱ መጀመሪያ ሲድ በሚባለው፣ ገና በሚለዋወጠው የዴቢያን ክፍል ውስጥ ይግባ፤ ከዚያ በአሮጌውና በታረመው ኮድ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ለእትም ቡድኑ ልከሽ ፈቃድ ጠይቂ። ከተፈቀደ በሚቀጥለው የነጥብ እትም፣ ማለትም የተረጋጋው እትም እርማቶች ተሰብስበው በሚወጡበት ጊዜ፣ ይወጣል።

ይህን ያህል የምጨቀጭቅሽ ነገ በዚያው ፓኬጅ ላይ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፈነው እንደገና ተገንብቶ ስለሆነ ነው። ያን ቀን ግንባታው ከወደቀ ጥገናው ይዘገያል፤ እኛም ሰርቨሮቻችንን ለአደጋ አጋልጠን እንጠብቃለን።

አሁን ሎጉን ከላይ ጀምረሽ የመጀመሪያውን የስህተት መስመር፣ ከዚያ በፊት ካሉት አሥር መስመሮች ጋር ላኪልኝ። የኮምፒውተርሽን ቀንና የሰዓት ቀጠናም ጨምሪበት።