ስለ ዕፅ ሕግ ከመከራከራችሁ በፊት

ልጆቼ፣ እዚህ ሜሪላንድ ረጅም ዘመን ፋርማሲስት ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከእናንተ መሃል ሕግ፣ ነርሲንግ፣ ፐብሊክ ሄልዝ የምትማሩ ብዙ ናችሁ። ስለ አደንዛዥ ዕፅ ስትከራከሩም እሰማለሁ። አንዱ «ሁሉም ይታሰሩ» ይላል። ሌላው «በሽታ ነው፣ ፖሊስ ምን አገባው» ይላል። እኔ አንዱን ወገን ያዙ ልላችሁ አይደለም የምጽፈው። ሁለቱም ሐሳቦች እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ተሞክረዋል። መጀመሪያ የተሞከሩበትን ቦታ እዩ ልላችሁ ነው።

ከስኮት ካውንቲ እንጀምር። ኢንዲያና ውስጥ ያለ ገጠር ነው። ኦስቲን የምትባለው ከተማው አምስት ሺህ ሰው እንኳ አይሞላትም። እዚያ ሰዎች ኦፓና የሚባል በሐኪም የሚታዘዝ የሕመም ማስታገሻ እያሟሙ በመርፌ ይወጉት ነበር። ንጹህ መርፌ ማደል በስቴቱ ሕግ ክልክል ስለነበር አንዱ መርፌ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ኤችአይቪ ገባ። ከ200 በላይ ሰው ተያዘ። ለዚያች ትንሽ ቦታ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

የስቴቱ ገዥ ማይክ ፔንስ ነበሩ፤ በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት። መርፌ ማደልን ይቃወሙ ነበር። በማርች 2015 ግን አስቸኳይ አዋጅ አውጥተው ፈቀዱ። ንጹህ መርፌ ሲታደል፣ ምርመራና መድኃኒት ሲጨመርበት፣ አዲስ የሚያዘው ሰው ቁጥር ወረደ። እንዲህም ሆኖ በ2021 የካውንቲው ኮሚሽነሮች ፕሮግራሙ ይብቃ ብለው ድምፅ ሰጡ።

«መርፌ መስጠት ሱሰኛውን ማበረታታት ነው» የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። ክፋት ብቻ የወለደው ክርክር አይደለም። ልጁ በሱስ ያለቀበት አባት ሲናገረው ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ግን መርፌ ሊወስድ የሚመጣው ሰው መውጋት የጀመረው ያን ቀን አይደለም። መርፌውን ሲወስድ ነርስ ያያል፣ ይመረመራል፣ «መታከም ትፈልጋለህ ወይ?» የሚለው ሰው ያገኛል። ይህን በሩቅ አትዩት። ኮንግረስ ከ1998 እስከ 2007 ዋሽንግተን ዲሲ የራሷን ገንዘብ እንኳ ለዚህ ሥራ እንዳታወጣ ከልክሏት ነበር። ብዙዎቻችን ታክሲ የነዳንባት፣ ልጅ የወለድንባት ከተማ ናት። የከለከሏት ሰዎች ነዋሪዋ ያልመረጣቸው ነበሩ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ። በኖቬምበር 2020 የኦሪገን ሕዝብ በድምፁ አንድ ሕግ አጸደቀ። ለራስ መጠቀሚያ ትንሽ ዕፅ መያዝ ወንጀል መሆኑ ቀረ። የተያዘ ሰው የ100 ዶላር ትኬት ይቆረጥለት ነበር። ለዚሁ በተከፈተ የስልክ መስመር ደውሎ ስለ ጤናው ከተነጋገረ ትኬቱ ይሰረዝለት ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን የደወሉት በጣም ጥቂት ናቸው። ለሕክምና የተባለው ገንዘብም ዘግይቶ ደረሰ። በዚያው ሰሞን ፈንታኒል የሚባለው፣ በጥቂቱ የሚገድል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ዌስት ኮስትን አጥለቀለቀ። በፖርትላንድ ጎዳናዎች የሚታየው ነገር ሕዝቡን አስመረረው። በ2024 ምክር ቤቱ መልሶ ወንጀል አደረገው፤ ገዥዋ ቲና ኮቴክ ፈረሙበት፤ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሞቱን ያበዛው ሕጉ ነው ወይስ ፈንታኒሉ? ተመራማሪዎቹ አልተስማሙም። ስለዚህ «ኦሪገንን አየን፣ አበቃ» የሚላችሁን ሰው ቶሎ አትመኑት። እስርን ማስቀረት በአንድ የምርጫ ቀን ይቻላል። የሕክምና ቦታ ግን ሐኪም፣ አልጋ፣ ደመወዝና ዓመታት ይፈልጋል። ኦሪገን የመጀመሪያውን አድርጋ ሁለተኛውን ሳታደርስ ቀረች።

አንድ ነገር ግን ያለ ማመንታት እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም እናንተ እዚህ አገር ጥቁር ሆናችሁ ነው የምታድጉት። በ1986 ኮንግረስ ያወጣው ሕግ 5 ግራም ክራክ፣ ማለትም የሚጨስ ኮኬይን፣ ለሸጠ ወይም ለመሸጥ ለያዘ ሰው ቢያንስ አምስት ዓመት እስር ወሰነ። ዱቄት ኮኬይን ከሆነ ለዚያው ቅጣት 500 ግራም ያስፈልግ ነበር። ዕፁ በመሠረቱ አንድ ነው። በክራክ የታሰረው ግን ባብዛኛው ጥቁር ነበር። ልዩነቱ ከ100 ለ1 ወደ 18 ለ1 የወረደው በ2010 ነው፤ አሁንም አልጠፋም።

በሌላ በኩል ፐርዱ ፋርማ የሚባለውን የመድኃኒት ኩባንያ እዩ። ኦክሲኮንቲን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ክኒን በ1996 ገበያ ላይ አወጣ። በእያንዳንዱ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ እኔ በሠራሁበትም። በ2007 አንድ የፐርዱ ኩባንያ ስለ ክኒኑ ሱስ አስያዥነት ሐኪሞችን እንዳሳሳተ ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። ሦስት ኃላፊዎችም ጥፋተኛ ነን አሉ። ገንዘብ ተከፈለ። ከሦስቱ አንዳቸውም እስር ቤት አልገቡም። «ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው» የሚል መምህር ሲገጥማችሁ እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጡለት።

ስለ ዊድ ደግሞ፣ ግሪን ካርድ ላላችሁ። ይህን ከክርክሩ ሁሉ በላይ ስሙኝ። ቨርጂኒያ ከ2021፣ ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ ለአዋቂዎች ፈቅደዋል። የዜግነት ማመልከቻችሁን የሚያየው ግን የፌደራል መንግሥት ነው። በፌደራል ሕግ ማሪዋና ክልክል ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም መጠቀማችሁ ወይም በማሪዋና ንግድ ውስጥ መቀጠራችሁ ዜግነት ሊያስከለክላችሁ እንደሚችል ጽፏል። ጫትም ቢሆን «የአገር ቤት ቅጠል ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ ከተከለከሉት ነው። ከተከሰሳችሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ ከማለታችሁ በፊት ጠበቃችሁን «ይህ ዲፖርት ያስደርገኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ጠበቃ ይህን የማስረዳት ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል።

የእኛ ቤትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ለቅሶ ላይ «በድንገት ነው»፣ «ልቡ ነው» ይባላል፤ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ንፍሯችንን እንበላለን። የእናትየው ሐዘን ይገባኛል፤ ሐሜቱን ትፈራለች። ነገር ግን ያ ዝምታ ሌላዋን እናት ሳትጠነቀቅ ያስቀራታል። ከጓደኛ ወይም ከስልክ ላይ የተገዛ «ፐርኮሴት» የተባለ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ፈንታኒል ሊሆን እንደሚችል ታናናሾቻችሁ ካልነገራችኋቸው ከማን ይሰማሉ?

ናሎክሶን ግዙ፤ በፈንታኒልና በመሰሎቹ ትንፋሹ ያቃተውን ሰው የሚመልስ መድኃኒት ነው። ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ ብዙ ካውንቲዎችም በነጻ ይሰጣሉ። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ነው፣ ለመጠቀም ትምህርት አይጠይቅም። ቦርሳችሁ ውስጥ፣ ዶርማችሁ ውስጥ አኑሩት። የወደቀ ሰው ካያችሁ 911 ደውሉ፤ ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም፣ ዲሲም እርዳታ የጠራን ሰው በትንሽ ይዞታ ከመከሰስ የሚከላከል ሕግ አላቸው። ናሎክሶን ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው፤ ዕፁ ከዚያ በላይ ሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ተነስቶ «ደህና ነኝ፣ ሂዱ» ቢላችሁም አምቡላንስ እስኪደርስ ጥላችሁት እንዳትሄዱ።