ትዕዛዝ ሲበዛ በእጅ የሚሠራ ሹራብ እንዴት ያድጋል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በእጅ የሚሠራ ውድ ሹራብ ትሸጫለሽ፤ አሥር ሠራተኞች አሉሽ፤ አንድ ትልቅ ሱቅ ደግሞ 120 ሹራብ በሁለት ወር አስረክቢኝ ብሎሻል። ልቀበል፣ ማሽን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ነው ያልሽው። በዚሁ ሥራ ዓመታት ስለቆየሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እናስላ። መካከለኛ ውፍረት ባለው ክር የሚሠራ የአዋቂ ሹራብ ጎበዝ ባለሙያ እጅ ላይ 40 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ክሩ ከቀጠነ ወይም ጥለቱ ከተወሳሰበ ከዚህ በጣም ይበልጣል። 120 ሹራብ ማለት እንግዲህ 4,800 ሰዓት ነው። አንዲት ሠራተኛ በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ ስትሠራ አንጓዋን ያማታል፤ ጥራቱም ይወርዳል። አሥር ሰው፣ በቀን አምስት ሰዓት፣ በወር 25 ቀን፣ ሁለት ወር ብትዪ 2,500 ሰዓት ነው። ስለዚህ ማንም ሳይታመም፣ ክርም ሳይዘገይ ቢበዛ 62 ሹራብ ታወጫለሽ። የምታድጊው በሰዓት ልክ ነው። ሌላው ውሳኔ ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይነሳል።

«ታዲያ አሥር ሰው ልጨምር» ማለትሽ አይቀርም። ጨምሪ፣ ግን ቀስ ብለሽ። ምክንያቱም የሰው እጅ አይመሳሰልም። አንዷ ጠበቅ፣ ሌላዋ ላላ አድርጋ ትሠራለች። ክሩም፣ መርፌውም፣ ሞዴሉም አንድ ሆኖ መጠኑ ይለያያል። እስቲ ይህን እዪው፦ ሞዴልሽ በ10 ሴንቲሜትር 22 ቀለበት (መርፌው ከክሩ የሚያወጣው አንድ አንድ ዙር) ይላል፤ የደረቱ ዙሪያ 100 ሴንቲሜትር ስለሆነ 220 ቀለበት ያስፈልጋል። እጇ የሚጠብቅ ሠራተኛ በ10 ሴንቲሜትር 24 ካስገባች ያው 220 ቀለበት ወደ 92 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ስምንት ሴንቲሜትር ጠፋ ማለት ነው። ደንበኛዋ የለመደችውን መጠን አዝዛ የጠበባት ሹራብ ይደርሳታል። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍላ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። እያንዳንዷ ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሯ በፊት በዚያው ክር ትንሽ ካሬ ናሙና ትሥራ። ናሙናው ይታጠብ፤ ይድረቅ፤ ከዚያ ይለካ። ሱፍ ከታጠበ በኋላ ፈታ ስለሚል ሳይታጠብ የተለካ ናሙና ያሳስታል። ለምትጠብቀዋ ወፈር ያለ መርፌ፣ ለምታላላዋ ቀጠን ያለ ስጪ። እጅሽን ቀይሪ አትበያት፤ የሰው እጅ በትዕዛዝ አይቀየርም። አንድን ሹራብ ደግሞ አንድ ሰው ከጀመረው እሱው ይጨርሰው። እጅጌውን ለአንዷ፣ ጀርባውን ለሌላዋ ማከፋፈል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ሲገጣጠም ግን ልዩነቱ ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

ማሽኑን በተመለከተ፣ ማሽን ነውር አይደለም። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ የሹራብ ማሽን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው፤ ብዙ የተከበሩ የፋሽን ቤቶችም በማሽን ሠርተው አጨራረሱን በእጅ ያደርጋሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ስያሜው ነው። በመርፌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሠራ አንድ ነገር ነው። በእጅ በሚንቀሳቀስ ማሽን የተሠራ ሌላ ነው። ፋብሪካ ሠርቶት አንገቱ ብቻ በእጅ የተያያዘ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሦስቱንም «የእጅ ሥራ» ብለሽ በአንድ ዋጋ ከሸጥሽ እያታለልሽ ነው። ማሽን ከገዛሽ ለብቻው መስመር አውጪለት፤ ዋጋውንም ለዪ፤ መለያ ጨርቁ ላይም በግልጽ ጻፊው።

ክር ላይ አትቆጥቢ። ካሽሚር፣ ማለትም ከፍየል ጸጉር የሚፈተለው ለስላሳ ክር፣ ውድ የሚሆነው በስሙ ብቻ አይደለም። ፍየሏ በዓመት አንዴ፣ በጸደይ ብቻ ነው ስሱን የውስጥ ጸጉር የምትሰጠው። ከተጣራ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ200 ግራም አይበልጥም፤ ለአንድ ሹራብ ከአንድ በላይ ፍየል ያስፈልጋል። አቅራቢሽን ስለ ማይክሮኑ (ስለ ጸጉሩ ቅጥነት) ብቻ ሳይሆን ስለ ጸጉሩ ርዝመትም ጠይቂ። አጭር ጸጉር የተቀላቀለበት ክር ሲዳሰስ ልስልስ ይላል፤ ጥቂት ከተለበሰ በኋላ ግን ብብቱ ሥር ትንንሽ ኳስ ያወጣል። ለአንድ ሞዴል የሚበቃውን ክር ደግሞ ከአንድ የማቅለሚያ ዙር በአንድ ጊዜ ግዢ። በኋላ የሚጨመር ክር ያው ቀለም ቢባልም ፀሐይ ላይ ሲታይ ይለያል።

ሞዴል አታብዢ። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። ታዋቂው የውድ ልብስ አምራች ብሩኔሎ ኩቺኔሊ እ.ኤ.አ. በ1978 ጣሊያን ውስጥ ሲጀምር ይዞ የተነሳው ቀለም የተነከረ የሴቶች የካሽሚር ሹራብ ነበር። ኩባንያው ሚላን አክሲዮን ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ከ34 ዓመት በኋላ። ሞዴል በተጨመረ ቁጥር አዲስ ናሙና፣ አዲስ ልኬት፣ አዲስ ሥልጠና አለ። ሠራተኞችሽ አንዱን ሞዴል ደጋግመው ሲሠሩት እጃቸው ይለምደዋል፤ ሰዓቱ ያጥራል፤ ስሕተቱም ይቀንሳል።

ክፍያ ላይ ደግሞ ይህን ልጨምር። በቁራጭ የምትከፍዪ ከሆነ ዋጋውን ከሰዓቱ ተነስተሽ ቁረጪ፤ ደህና የሰዓት ደመወዝ የማይወጣው ሹራብ ዋጋው ተሳስቷል ማለት ነው። ኡራጓይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተ ማኖስ ዴል ኡሩጓይ የሚባል ድርጅት አለ። የገጠር ሴቶች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩበት ነው፤ ዛሬ እንደ ጋብሪኤላ ኸርስት ላሉ ውድ ብራንዶች በእጅ ይሠራሉ። ሙያተኛ አንዴ ከለቀቀችሽ ተተኪዋን ለማብቃት ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ያንን ወጪ ማንም መዝገብ ላይ አይጽፈውም።

አሁን ወደ ሱቁ። ሱቆች አብዛኛውን ጊዜ ከአንቺ የገዙበትን ዋጋ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ አድርገው ይሸጣሉ። ስለዚህ ዛሬ ራስሽ በምትሸጪበት ዋጋ ግማሽ ብትሰጫቸው ወጪሽንና የሠራተኞችሽን ክፍያ ሸፍኖ ትርፍ ይተርፍሻል? ካልተረፈሽ ትዕዛዙ ቢበዛ ጉዳቱ ነው የሚበዛው።

ከተረፈሽ አትተዪው። «120 በሁለት ወር አልችልም፤ 50 ሹራብ በሁለት ሞዴልና በሦስት ቀለም እችላለሁ» ብለሽ ጻፊላቸው። ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ጠይቂ፤ የክሩ ወጪ ከዚያ ይውጣ። ያልተሸጠውን እንመልሳለን የሚል አንቀጽ ካለ አትፈርሚ። ሠራተኞችሽ ከ50 በላይ ካወጡ የተረፈውን ሹራብ ለራስሽ ደንበኞች ያዢው፤ እነሱም እየጠበቁሽ ነው። የማስረከቢያውን ቀን ስትቆርጪ ማጠቢያውን፣ ማድረቂያውንና ቁልፍ መትከያውን አስቢበት፤ ሹራብ ከመርፌ ሲወርድ ገና አላለቀም። ሱቁ በ50 ካልተስማማ ለሚቀጥለው ወቅት እንዲያዝ ጠይቂው፤ እስከዚያ ሁለት ወይም ሦስት አዲስ ሰው አሠልጥነሽ ትደርሺያለሽ።