የጥገና ግሩፕህን በብራንድ አትከፋፍለው

ወንድሜ፣ «ለላፕቶፕ ጠጋኞች የቴሌግራም ግሩፕ ልከፍት ነው፣ ለዴል፣ ለኤችፒ፣ ለሌኖቮ ብዬ ልከፋፍለው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም እንደዛው ነበር የጀመርኩት። ይቅርብህ።

1. ክፍሎቹን በብልሽቱ ዓይነት አድርጋቸው፦ ፓወር የማይሰጥ፣ ዲስፕሌይ የሌለው፣ ቻርጅ የማያደርግ፣ ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው ቦርዱ ቺፕ ላይ ያለ ፕሮግራም)። ከብራንዱ ይልቅ የሚጠቅምህ ማዘርቦርዱ ላይ የታተመው ቁጥር ነው። ኤችፒ 15-ቢኤስን ብቻ ብታይ ኤልኤ-ኢ801ፒ ቦርድ ያለው አለ፣ ኤልኤ-ኢ791ፒ ያለውም አለ። ከውጭ ስታያቸው አንድ ናቸው።

2. ያለ ቦርድ ቁጥር የባዮስ ፋይል አታስለጥፍ። ይህችን ረዘም አድርጌ ልንገርህ፣ ብዙ አስከፍላኛለችና። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኤችፒ 15 አመጣችልኝ፤ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ከራሴ ግሩፕ አንዱ «የተሞከረ ነው» ብሎ ፋይል ለቀቀልኝ። የየትኛው ቦርድ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ይባስ ብሎ ነባሩን ባዮስ አንብቤ ሳላስቀምጥ ጻፍኩበት። የነበረው መብራትም ጠፋ። ሌላ ፋይል ፈልጌ ጫንኩ፣ ስክሪኑ መጣ፣ በደስታ ደውዬ ጠራኋት። አጠገቤ ቁጭ ብላ እያየች 30 ደቂቃ ሲሞላው ድርግም አለ። አስነሳነው፣ አሁንም 30 ደቂቃ ላይ ጠፋ። ለካ ፋይሉ ውስጥ ያለው የኢንቴል ኤምኢ (ማሽኑን ከውስጥ የሚቆጣጠር የኢንቴል ፕሮግራም) ክፍል የሌላ ማሽን ነበር። ሲሪያል ቁጥሩና የዊንዶውስ ቁልፉም ከነባሩ ባዮስ ጋር ሄዱ። ደግነቱ የመመረቂያ ጽሑፏ ሃርድ ዲስኩ ላይ ስለነበር ተርፏል። በራሴ ገንዘብ ቦርድ ልገዛ ስሄድ ደግሞ ሻጩ ቁጥሩን እንዳይ እንኳ ከላስቲኩ አላወጣም አለኝ። «ኤችፒ 15 አይደል ያልከኝ?» ብሎ ሰው ፊት ጮኸብኝ። ጥዬው ወጣሁ፤ ትክክለኛውን ሌላ ቦታ ሁለት ቀን ዞሬ አገኘሁት።

ከዚያ ወዲህ እኔ ግሩፕ ውስጥ የቦርዱን ቁጥር ፎቶ ያላያያዘ መልስ አያገኝም። ፎቶውንም በፋይል እንዲልኩት አድርግ፤ እንዲሁ ሲላክ ቴሌግራም ስለሚጨምቀው ቁጥሩ አይነበብም። የባዮስ ቺፑ 1.8 ቮልት ከሆነ ያለ 1.8 ቮልት አዳፕተር በሲኤች341ኤ (ቺፑን ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያ) እንዳይነኩት ፒን አድርገህ ጻፍ።

«ኢንቦክስ ግባ» የሚሉትን ደግሞ አትታገሥ፤ በግሩፑ ጥያቄ የግል ደንበኛ ይሰበስባሉ። «ተሠራ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ የሚጠፋውም ያበሳጨኛል። ምን ለክቶ ምን እንደቀየረ ይጻፍ! ባለፈው ደሴ ያለ አንድ ጀማሪ ልጅ የቦርዱን ቁጥር ግሩፑ ውስጥ ፈልጎ፣ የ3.3 ቮልቱን መስመር ሾርት ያደረገችውን ካፓሲተር ማንንም ሳይጠይቅ አገኛት። ከዓመት በፊት ሌላ ሰው በሁለት መስመር ጽፏት ነበር። ያን ቀን በጣም ኮራሁ።

ፒን ያደረግሁትን ደንብ ከዚህ ቀጥዬ እልክልሃለሁ፣ እንዳለ ውሰደው።