ከዋይድባንድ ጌጅ ለኢሲዩ የናሮውባንድ ሲግናል፦ ግራውንዱን ለማንም አትተው

ወንድሜ፣ «የፋብሪካውን ኦክስጅን ሴንሰር ነቅዬ ዋይድባንዱን እዚያው ቀዳዳ ላይ ብገጥም፣ ጌጁ ለኢሲዩው ናሮውባንድ መስሎ ሲግናል ይሰጠዋል ወይ?» ብለሃል። ይሰጠዋል። ኢሲዩ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ናሮውባንድ የሚባለው ሴንሰር ቤንዚን በዛ ወይ አነሰ ብቻ ይለዋል፤ ዋይድባንዱ ግን መጠኑን ይለካል፣ ጌጁ በቁጥር ያሳይሃል። የእኔ መኪና እንደዚያ ነው የሚሄደው። የሁለቱ ሴንሰሮች የብሎን ጥርስም አብዛኛውን ጊዜ እኩል ስለሆነ ያለ ብየዳ ይገባል። ግን እኔ ያየሁትን ፍዳ እንዳታይ ስማኝ።

1. ጌጅህ ለናሮውባንድ የተለየ ሽቦ እንዳለው ማኑዋሉ ላይ እይ። ከ0 እስከ 5 ቮልት የሚሰጠውን እንዳታገናኝ። ኢሲዩው የሚጠብቀው ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ነው። 0.45 አካባቢ ላይ ነው ቤንዚን በዛ ወይ አነሰ የሚለው። የሽቦ ቀለም ከሰው መኪና አትቅዳ፣ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል።

2. ግራውንድ፣ ማለትም ከረንቱ ወደ ባትሪ የሚመለስበት መስመር። ጉዱ እዚህ ነው። የገጠመልኝ ኤሌክትሪሺያን ጥቁር ያየውን ሽቦ ሁሉ ጠቅልሎ ከዳሽቦርድ ስር ቦዲ ላይ አሰረው። «ቦዲ ቦዲ ነው፣ ምን ልዩነት አለው?» ልዩነቱማ የዋይድባንድ ሂተር (ሴንሰሩን የሚያሞቀው) ከረንት በደንብ ይጠጣል። ያ ከረንት በደካማ ግራውንድ ሲመለስ ሲግናሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ለመብራት ቢሆን ግድ የለም፤ 1 ቮልት ለማይሞላ ሲግናል ግን ትልቅ ነገር ነው። ኢሲዩው ቤንዚን የበዛ መስሎት ይቀንሳል። ሚኒሞ ላይ ጌጁ 15 ይላል (ለ1 ኪሎ ቤንዚን 15 ኪሎ አየር ማለት ነው፤ ልኩ 14.7 ነው)፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል።

ጋራዥ ወሰድኩት። መጀመሪያ ቤንዚን የሚረጨውን ኖዝል አጠቡ። ቀጥሎ ፓምፕ ቀየሩ። በመጨረሻ «ኢሲዩህ ሞቷል» አሉኝ። ሽቦውን እዩልኝ ብል «መካኒኩ አንተ ነህ እኔ?» ተባልኩ። ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁና የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ የጌጁ ግራውንድ ላይ፣ ሌላውን የኢሲዩው ሴንሰር ግራውንድ ላይ አደረግኩ። 0.3 ቮልት! ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት እኮ። ሽቦውን ፈትቼ የኢሲዩው ዋና ግራውንድ ሞተሩ ላይ ከታሰረበት ብሎን ጋር አሰርኩት። ብዙም ሳይቆይ ጌጁ 14.7 ዙሪያ መመላለስ ጀመረ። ሞተ የተባለው ኢሲዩ ዛሬም እየነዳኝ ነው።

የሂተሩን ግራውንድ ግን ቀጭኗ የሴንሰር ግራውንድ ላይ እንዳታስር። እዚያ የሚሄደው የሲግናል ግራውንድ ብቻ ነው፣ ጌጅህ ለብቻው ካለው።

3. ያው የገጠመልኝ ኤሌክትሪሺያን የዋይድባንዱ ሶኬት በቀዳዳ አላልፍ ሲለው መቁረጫ አነሳ። ጮህኩበት። ሴንሰርህ የቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ከሆነ፣ ሶኬቱ ውስጥ ለዚያው ሴንሰር ተለክቶ የተገጠመ ሬዚስተር አለ። አምስት ሽቦ ገብቶ ስድስት ፒን ያለው ለዚያ ነው። ከተቆረጠ ንባቡን አትመነው።

አሮጌው ሴንሰር ሲነቀል ኢሲዩው ሂተሩን ያጣና ፒ0135 የሚባለውን የሂተር ችግር ኮድ ሊያወጣ ይችላል። በሂተሩ ፋንታ ሬዚስተር የሚገጥሙ አሉ፤ በጣም ስለሚግል ፕላስቲክ አጠገብ አይሁን። የፊተኛው ሴንሰርህ እንደ ብዙ ቶዮታዎች የኤ/ኤፍ ዓይነት (ራሱ ዋይድባንድ የሆነ) ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ እርሳው፣ ኢሲዩው ናሮውባንድ አይፈልግም።

የሚበይድልህ ካገኘህ ግን ሁለተኛ ቀዳዳ አሠራና የፋብሪካውን እንዳለ ተወው። የሴንሰሩ ጫፍ ወደ ታች እንዲያይ ቀዳዳው ከቧንቧው በላይ በኩል ይሁን፣ ውሃ እንዳይጠራቀምበት። ጌጁን ካጠፋህም ሴንሰሩን ነቅለህ በቡሎን ድፈነው፤ ሂተሩ ሳይሠራ ጭስ ውስጥ ከቆየ ይበላሻል።