ሞክሼ ፊደላት የምስጢር ጽሑፋችሁን እንዳያበላሹባችሁ

«ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በወረቀት የምንለዋወጠው ምስጢራዊ ጽሑፍ ልንፈጥር ነው፤ ሀን በለ፣ ለን በሐ እየተካን ብንጽፍ ይበቃል?» ብለህ ለጠየቅከው፦ አይበቃም ወንድሜ። ዩልየስ ቄሳርም ሦስት ፊደል እየዘለለ እንዲሁ ይጽፍ ነበር። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው ሊቅ አልኪንዲ ደግሞ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ በመቁጠር ብቻ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንደሚፈታ ጽፎ አልፏል። አማርኛ ላይ እንዲያውም መቁጠርም አያስፈልግም። በአንተ ዘዴ «ነው» «ኘዕ» ይሆናል። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ግዕዝና ሳድስ የሆነች ባለ ሁለት ፊደል ቃል ቁጭ ስትል ያየ ሰው ሌላ ምን ይጠረጥራል? የቃላት መነሻ ላይ የሚደጋገመው ደ ደግሞ «የ» መሆኑ ወዲያው ይነቃበታል። አዲስ ቅርጽ መሳልም ያው ነው፤ ልብሱ ተቀየረ እንጂ ሰውየው አልተቀየረም።

ስለዚህ ቤቱንም (ሀ፣ ለ፣ መ...) ሆነ ተራውን (ግዕዝ፣ ካዕብ... ሳብዕ) የሚቀይር፣ በቁልፍ ቃል የሚሠራ ዘዴ ያዙ።

1. ሰንጠረዡ። ከ33ቱ ቤቶች ሞክሼዎቹን ሐ፣ ሠ፣ ኀ፣ ኸ፣ ዐ እና ፀ አውጧቸው፤ 27 ይቀራሉ። ቁጥራቸው ይኸው፦ ሀ1፣ ለ2፣ መ3፣ ረ4፣ ሰ5፣ ሸ6፣ ቀ7፣ በ8፣ ተ9፣ ቸ10፣ ነ11፣ ኘ12፣ አ13፣ ከ14፣ ወ15፣ ዘ16፣ ዠ17፣ የ18፣ ደ19፣ ጀ20፣ ገ21፣ ጠ22፣ ጨ23፣ ጰ24፣ ጸ25፣ ፈ26፣ ፐ27። ተራው ከ1 እስከ 7 ነው። ቨ ሲያጋጥም በ «በ» ጻፉት። ዲቃላዎቹን ዘርዝሯቸው፤ «ጓደኛ» «ጉዋደኛ» ይሁን። ሰንጠረዡን አንድ ሰው ይጻፈውና ሌሎቹ ከእሱ ይገልብጡ። እያንዳንዱ ከየግድግዳው የፊደል ገበታ ከቀዳ አንዱ ቨን ጨምሮ 34 ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ከማንም አይግባባም።

2. ቁልፉ። «ደብተር» ይሁን እንበል፦ ደ (19፣1)፣ ብ (8፣6)፣ ተ (9፣1)፣ ር (4፣6)። ከመልእክቱ ፊደል ቁጥር ላይ የቁልፉን ትደምራላችሁ፤ ቤቱ ከ27 ካለፈ 27፣ ተራው ከ7 ካለፈ 7 ትቀንሳላችሁ። «ነገ እንሂድ» ይሁን መልእክቱ፦
ነ (11፣1) + ደ = (30፣2)፣ 27 ሲቀነስ (3፣2)፣ ሙ።
ገ (21፣1) + ብ = (29፣7)፣ (2፣7)፣ ሎ።
እ (13፣6) + ተ = (22፣7)፣ ጦ።
ን (11፣6) + ር = (15፣12)፣ (15፣5)፣ ዌ።
ቁልፉ አለቀ፣ እንደገና ከደ ይጀመራል። ሂ (1፣3) + ደ = (20፣4)፣ ጃ። ድ (19፣6) + ብ = (27፣12)፣ (27፣5)፣ ፔ።
ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው «ሙሎጦዌጃ ፔ» ነው። አምስት አምስት እያደረጋችሁ ጻፉ፤ የቃል ክፍተትና አራት ነጥብ አይኑር። ፈቺው ቁልፉን ይቀንሳል፤ ውጤቱ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ሲመጣበት 27 ወይም 7 ይጨምራል።

3. ቁልፍ ስትመርጡ «ዓለም»፣ «ፀሐይ»፣ «ኃይል» የሚሉትን ዓይነት ቃላት አትንኩ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ ሲወድቅም ስህተቱን ስሌቱ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። አንዱ ጓደኛ «ዓለም» ይላል፣ ሌላው «አለም»። ሁለቱም አ ቤት፣ 13 ናቸው፤ ግን ዓ ራብዕ ናት 4፣ አ ግዕዝ ናት 1። ስለዚህ ከየሦስት ፊደሉ አንዱ በተሳሳተ ተራ ይፈታል፤ ጽሑፉ የሚነበብ እየመሰለ አይነበብም። ሞክሼ የሌለበት እንደ «ደብተር» ያለ ቃል ይህን ጣጣ አያመጣም። መልእክቱንም ከመመስጠራችሁ በፊት አጥሩት፦ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሁሉ ሀ፤ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ሁሉ አ።

የተመሰጠረው ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ የተለያየ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ጓደኛ ቢጽፍ፣ ሃን ሀ ብሎ ያሰፍረዋል፣ ጆሮው አልተሳሳተም፣ ምስጢሩ ግን ተበላሸ። በዓይን ብቻ ይገልበጥ። በስልክ የምትልኩ ከሆነ የኪቦርዱን የቃል እርማት አጥፉት፤ «ሙሎጦዌጃ»ን ወደ ሚያውቀው ቃል ካላስጠጋው እንቅልፍ የማይወስደው መሣሪያ ነው። የእጅ ጽሑፍም እንዲሁ፦ የቸ፣ የኘ፣ የጀ፣ የዠ ቆብ በደንብ ይታይ፤ ቆቡ የደበዘዘ ጀ ደ ሆኖ ይነበባል። ተራ አማርኛ ሲሆን አንባቢው ከዐውዱ ያስተካክለዋል፣ እዚህ ዐውድ የለም።

ሌላው የሚያበሳጨው መዝለል ነው። አንዲት ፊደል ከዘለላችሁ ቁልፉ ይንሸራተትና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይጠፋል። በካሬ ወረቀት ጻፉ፤ ከላይ መልእክቱ፣ ከሥሩ ቁልፉ፣ ከሥሩ ውጤቱ። በየመስመሩ ቁልፉን ከመጀመሪያ ጀምሩት፣ ጥፋቱ ከአንድ መስመር አያልፍም። ያ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ድግግሞሽ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1863 ካሲስኪ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን ያሳተመው የአፈታት ዘዴ የሚነሣው ከዚያው ከድግግሞሽ ነው፤ በተደጋገሙት ቁርጥራጮች መካከል ያለው ርቀት የቁልፉን ርዝመት ይነግራል። ለሠላሳ አርባ ፊደል ባለ አራት ፊደል ቁልፍ ለክፍል ጓደኛ ዓይን ይበቃል። ከዚያ ለረዘመ መልእክት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቁልፍ አድርጉ።

«ሰላም» ብላችሁ አትጀምሩ። በ«ደብተር» ሲመሰጠር «ጱቺኞ» ይሆናል፤ ሁልጊዜ በሰላምታ እንደምትጀምሩ የሚያውቅ ሰው ከ«ጱቺኞ» ላይ «ሰላም»ን ይቀንስና «ደብተ» ብሎ ቁልፋችሁን ያነብላችኋል። ር ለመገመት ደግሞ ሊቅ መሆን አይጠይቅም። ሰላምታውን በአካል ስትገናኙ ተባባሉ።

ቁልፉን በየሳምንቱ ቀይሩ፣ የሚቀጥለውንም በቃል ተነጋገሩ እንጂ ወረቀቱ ጀርባ ላይ አትጻፉት፤ እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው በየቡድኑ አይጠፋም። የይለፍ ቃልና የገንዘብ ነገር በዚህ አትጻፉ፣ ኮምፒውተር በቀላሉ ይፈታዋል። ከመልእክቱ መጨረሻ ላይ የፊደሉን ብዛት በቁጥር አስቀምጡ፤ ተቀባዩ መፍታት ከመጀመሩ በፊት ይቁጠር፣ ካልገጠመ ወረቀቱን ይመልስላችሁ።