የአንገቱ ቱቦ እየሠራ ሳለ የክንዱ ቀዶ ሕክምና ለምን አስፈለገ?

ጥያቄ፦ የ58 ዓመቱ አባቴ ኩላሊታቸው ሥራ በማቆሙ ከ10 ቀን በፊት በአንገታቸው በቀኝ በኩል ቱቦ ገብቶላቸው እጥበት ጀምረዋል። አሁን ደግሞ ክንዳቸው ላይ ፊስቱላ ይሠራላቸው ተብለናል። ቱቦው እየሠራ ሌላ ቀዶ ሕክምና ለምን ያስፈልጋል? ፊስቱላስ በወሊድ የሚመጣ የሴቶች ሕመም አይደለም ወይ? አክስቴ ደግሞ ጸበል ልውሰዳቸው ይላሉ። ምን ይመክሩናል? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ አንገታቸው ላይ የሚያዩት የቱቦውን ጫፍ ብቻ ነው። የቀረው ክፍል በትልቁ የአንገት ደም መልስ ውስጥ ወርዶ ልብ አጠገብ ይደርሳል፤ ቀኙ የሚመረጠውም መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው። የእጥበት ማሽን በደቂቃ እስከ 300 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ደም ስለሚስብ፣ ግሉኮስ የሚሰጥበት ቀጭን የእጅ ደም ሥር ይህን ሊያቀርብ አይችልም። ቱቦው ውጭ የሚታዩ ቀይና ሰማያዊ ጫፎች አሉት፤ በቀዩ የወጣው ደም ታጥቦ በሰማያዊው ይመለሳል።

ይሁን እንጂ ይህ ቱቦ ከቆዳ በቀጥታ ወደ ደም የሚያስገባ ክፍት በር ነው። በዚህም ምክንያት ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳይቆይ ይመከራል፤ እጥበቱ ከቀጠለና የክንዱ ፊስቱላ ለሥራ ካልደረሰ፣ ከቆዳ ሥር ተስቦ ደረት ላይ በሚወጣ ሌላ ዓይነት ቱቦ ይተካል። አባትዎ ትኩሳት ከያዛቸው፣ በተለይም ማሽኑ ሥራ እንደጀመረ ካንቀጠቀጣቸው፣ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ ይለፍላቸዋል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

ስለ ፊስቱላ ያነሡት ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ የሚያስደነግጥ ነው፤ ቃሉን በአገራችን የምናውቀው በወሊድ ጉዳት ነውና። ፊስቱላ በላቲን ቧንቧ ማለት ነው። በወሊድ ጊዜ የሚደርሰው ያልተፈለገ ቀዳዳ ሲሆን፣ የክንዱ ግን ሐኪሙ ሆን ብሎ ደም ቅዳንና ደም መልስን የሚያገናኝበት ነው። ይህ ዘዴ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ይፋ ከሆነ ወዲህ ለእጥበት ከሁሉ የተሻለ መንገድ ሆኖ ቆይቷል። ኃይለኛው ደም ደም መልሱን እያሰፋና እያወፈረ ስለሚሄድ መርፌው በቀላሉ ይገባበታል። ይህ እስኪሆን ግን ቢያንስ ስድስት ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም ሁለትና ሦስት ወር ይወስዳል። ስለዚህ ቱቦው እየሠራ ሳለ መጀመሩ የሚያስገርም አይደለም፤ እንዲያውም መዘግየቱ ነው የሚያሳስበኝ። እስከዚያው በተመረጠው ክንድ ደም አይቀዳ፣ ግሉኮስ አይሰጥ፣ ግፊትም አይለካ፤ የሚያክማቸው ሰው ሁሉ ይህን እንዲያውቅ ከመርፌው በፊት ተናገሩ።

ጸበልን በተመለከተ፣ እምነታቸው ብርታት እንደሚሰጣቸው አውቃለሁና በዚህ አክስትዎን አልቃወምም። ነገር ግን ከራስ ላይ የሚወርድ ውሃ ፋሻውን ያረጥበዋል፤ የረጠበ ፋሻ ደግሞ ተሕዋስያን በቱቦው በኩል ወደ ደም እንዲገቡ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ ቱቦው እስኪወጣ መጠመቁ እንዲቆይላቸው የንስሐ አባታቸውን አማክሩ፤ ጥቂት ቢጠጡም በቀን ከተፈቀደላቸው የፈሳሽ መጠን ይቆጠር።

ቤት ውስጥ ገላቸውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። የሠፈራችሁ አቧራ ፋሻውን ካቆሸሸው፣ ወይም ፋሻው ከተላቀቀ፣ ራሳችሁ ሳትፈቱት እጥበት ክፍሉ ይቀይርላችሁ። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን በራሳቸው በኩል ሲያወልቁ ጥለቱ ቱቦውን ይዞ ስፌቱን ሲበጥሰው አይቻለሁ፤ ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ አልብሷቸው፣ ጋቢውንም ከትከሻ ወደ ኋላ አውርዱላቸው። ቱቦው ከወጣ ቦታውን በንጹሕ ፋሻ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ አስተኟቸው፤ ሆስፒታል እስክትደርሱም እጃችሁን አታንሡ።