የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ «ገጸ ባሕርዬ ለምን አያሳምንም?»

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፤ የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ሁለት ዓመት የፈጀ አንድ ረጅም ልብ ወለድ እየጻፍኩ እገኛለሁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ የኮንዶሚኒየም ጥበቃ ሲሆን፣ የሚጠብቃቸው ሕንፃዎች የተሠሩት ቀድሞ አባቱ ጤፍ ያርሱበት በነበረው መሬት ላይ ነው። የተከፈለው ካሳ አልቋል። ሰውየው ሕንፃዎቹን ይጠላል፤ እንጀራውን የሚበላው ግን ከእነርሱ ነው። ውስጣዊ ግጭቱን ለማሳየት በየምዕራፉ «ልቡ ተረበሸ»፣ «ሐሳቡ ተከፋፈለ»፣ «ሌሊቱን ሙሉ ሲብሰለሰል አደረ» እያልኩ ብዙ ገጽ ጽፌአለሁ። ረቂቁን ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ግን «ታሪኩን ወድጄዋለሁ፤ ሰውየውን ግን አላመንኩትም» አለችኝ። ሰው ከራሱ ጋር ሲጣላ ከዚህ በላይ እንዴት ይጻፋል? የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች አያይዤ ልኬአለሁ። በመጨረሻ ሰውየውን ወደ ንስሐ አባቱ ወስጄ ሁሉንም ላናዝዘው አስቤአለሁ።
ጀማሪ ጸሐፊ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ምዕራፎቹን ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። ጓደኛዎ ታሪኩን ከሰውየው ለይተው ማየታቸው ትልቅ እገዛ ነው፤ እኔም በአስተያየታቸው እስማማለሁ። ጥበቃው እስካሁን የተጣላው ከሕንፃዎቹ ጋር እንጂ ከራሱ ጋር አይደለም። መሬቱን ያጣ ሰው በላዩ የቆመውን ሕንፃ ቢጠላ አንባቢ ወዲያው ይረዳዋል፣ ያዝንለታልም፤ ነገር ግን የሚጠላው ነገር ከደጁ ቆሞ እስከታየው ድረስ በልቡ ያለው ቂም ነው። ግጭቱ ወደ ውስጥ የሚገባው ሰውየው ከእነዚያው ሕንፃዎች ዘንድ አንድ የሚወደው ነገር ሲያገኝና መውደዱን ለራሱ እንኳ ለመናገር ሲያፍር ነው።

ይህ የሚወደው ነገር በረቂቅዎ ውስጥ አለ፤ እርስዎ ግን ፈጥነው አልፈውታል። በሁለተኛው ምዕራፍ ነዋሪዎቹ የቤታቸውን ቁልፍ እየተዉለት ወደ ሥራ እንደሚሄዱ፣ ልጆቻቸውም «አባባ» እያሉ እንደሚጠሩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈዋል። በሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ገላን የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ካነጋገረው ስድስት ዓመት እንደሆነው ይጠቅሱና ምክንያቱን ሳይነግሩን ይሻገራሉ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያገናኟቸው። የካሳው ገንዘብ በታላቅየው ስም ወጥቶ የታናሽየው ድርሻ ሳይሟላ ከቀረ፣ ዛሬ በር ላይ ተቀምጦ የሚቀበለው እምነት ያኔ ለወንድሙ ያጎደለው እምነት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ሁለት ነገሮችን አጥብቆ ይፈልጋል፤ እንደታመነ መሞትን ይሻል፣ ከወንድሙ ጋር መታረቅንም ይሻል። ለመታረቅ በሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ጥፋቱን ማመን አለበት፤ ካመነ ግን በሰፈሩ ያተረፈው ስም አይተርፍለትም። ሁለቱም ፍላጎቶች መልካም መሆናቸውን ልብ ይበሉ። አንደኛው ክፉ ቢሆን ኖሮ አንባቢ ከሰውየው ቀድሞ ይፈርድና መጽሐፉን ይዘጋው ነበር። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይባላል፤ የእርስዎ ጥበቃ ግን ገና አንዱን ዛፍ እንኳ ሲነካ አላየነውም።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የዘመን ስሕተት ልጠቁምዎ። ረቂቁ ላይ አንዲት መምህርት «በ2003 ተመዝግቤ» ስትል ትሰማለች። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ፈላጊዎች ሰፊ ምዝገባ የተካሄደው በ1997 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በ2005 ዓ.ም. ነው። ይህን እርማት የማነሣው ለትክክለኛነቱ ብቻ ብዬ አይደለም። መምህርቷን በ1997 ዓ.ም. የተመዘገበች፣ ከአሥር ዓመት በላይ በኪራይ ቤት እየተንከራተተች እጣዋን የጠበቀች ቢያደርጓት፣ ቁልፏን ይዛ በገባችበት ቀን የምታሰማው እልልታ ለጥበቃው ሌላ ፈተና ይሆንበታል። አልጋዋንና ቁምሳጥኗን እስከ አራተኛ ፎቅ ተሸክሞ ያወጣላታል፤ ስታለቅስ ያያታል፤ ደስታዋ እውነተኛ መሆኑንም ያውቃል። የእርሱ ማጣትና የእርሷ ማግኘት በአንድ መሬት ላይ መቆማቸውን ሲረዳ፣ ሕንፃዎቹን እንደ ትናንቱ በሙሉ ልቡ መጥላት አይችልም። የሚጠላው ነገር እንኳ ለሁለት የተከፈለበት ሰው አንባቢን ይይዛል።

ስለ ልብ መከፈል የሥነ ልቦና ሊቃውንት ያጠኑት ነገር ለደራሲ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ኩርት ሌዊን እንዲህ ያለውን ግጭት በሦስት ከፍሎታል፤ ሰው ከሁለት መልካም ነገሮች አንዱን መምረጥ ሲቸግረው፣ ከሁለት ክፉ ነገሮች አንዱን መቀበል ሲገደድ፣ እንዲሁም አንዱ ነገር ራሱ የሚስብም የሚያስፈራም ሲሆንበት። ለልብ ወለድ እጅግ የሚመቸው ሦስተኛው ነው። ቆየት ብሎ አሜሪካዊው ኒል ሚለር በዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ጨመረበት፤ ሰው ወደሚፈልገውም ወደሚፈራውም ነገር ሲቀርብ ፍላጎቱም ፍርሃቱም ያድጋሉ፣ የፍርሃቱ ዕድገት ግን ከፍላጎቱ ይልቅ የፈጠነ ነው። ከሩቅ ቆርጦ የተነሣው ሰው ከደጃፉ ሲደርስ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥበቃዎን በዚህ መንገድ ያስኪዱት። ቅዳሜ ጠዋት የታጠበ ጋቢውን ለብሶ፣ አንድ ኪሎ ስኳርና ግማሽ ኪሎ ቡና ገዝቶ ወደ ገላን ይሳፈር። ታክሲ ውስጥ ለወንድሙ የሚናገረውን የመጀመሪያ ቃል ደጋግሞ ያዘጋጅ። ከወረደ በኋላ ቃሉ ይጥፋበት። የወንድሙ አጥር ሲታየው ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ ለመጥረግ ጎንበስ ይበል፤ ከተጠረገም በኋላ ይጥረግ። በመጨረሻ ስኳሩንና ቡናውን ጥግ ላይ ላለችው ባለ ሱቅ ይስጥና «ለዚያ ቤት አድርሽልኝ፤ ማን ላከው ካሉሽ አላውቀውም በያቸው» ብሎ ይመለስ። በእነዚህ ገጾች ላይ «ልቡ ተረበሸ» የሚል ቃል አንድም ቦታ አያስፈልግዎትም።

ሌላው የማነሣው ሰው ለራሱ የሚሰጠው ምክንያት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ሊዮን ፌስቲንገርና ጄምስ ካርልስሚዝ ተማሪዎችን እጅግ አሰልቺ ሥራ አሠሯቸውና፣ ቀጥሎ ለሚገባው ሰው «ሥራው ደስ ይላል» ብለው እንዲነግሩ ከፈሏቸው፤ ለአንዳንዶቹ 20 ዶላር፣ ለሌሎቹ ግን 1 ዶላር ብቻ። በኋላ ሲጠየቁ ሥራውን በእርግጥም እንደወደዱት ይበልጥ የተናገሩት 1 ዶላር የተከፈላቸው ነበሩ። ብዙ የተከፈለው ሰው ለገንዘቡ ስል ዋሸሁ ማለት ይችላል፤ ጥቂት የተከፈለው ግን ለውሸቱ በቂ ምክንያት ስለሌለው ውሸቱን ወደ ማመን ያዘነብላል። ከዚህ ተነሥተው የጥበቃውን በደል ቢያስቡት መልካም ነው። የወንድሙን ድርሻ በአንድ ቀን ጠቅልሎ ወስዶ ቢሆን ኖሮ ሌብነት መሆኑን ራሱ በመሰከረ ነበር። ነገር ግን ዛሬ ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ነገ ለሕክምና፣ ከነገ ወዲያ ለተዝካር እያለ ጥቂት ጥቂት ካነሣለት፣ በየጊዜው «ለእርሱ ብሰጠው ይጠጣው ነበር» ማለት ይኖርበታል። ይህን ሲል ደግሞ ያምነው፤ ግማሽ እውነትም ይኑረው፤ ወንድሙ በእርግጥ ይጠጣ ነበርና። ራሱን የሚያታልል ሰው ከልቡ ካልተናገረ ንግግሩ የደራሲው እንጂ የእርሱ አይመስልም።

በእኛ አገር ታሪክ ለሚጽፍ ሰው የውስጥ ግጭት ዋና መኖሪያው ይሉኝታ ይመስለኛል፤ ረቂቅዎ ላይ በጣም የጎደለብኝም እርሱ ነው። ጥበቃው ቁጭቱን ለነዋሪዎቹ በረጅም ንግግር ሲያሰማ አንብቤ አልተዋጠልኝም። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ሥራ ላይ ያለ የገበሬ ልጅ እንዲህ አይናገርም፤ «እሺ» ይላል። በንግግራችን «እሺ» መስማማት ሊሆን ይችላል፣ እምቢታ ሊሆን ይችላል፣ «አሁን ተወኝ» ማለትም ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከቃሉ በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ግቢው ውስጥ ከድሮው ማሳ የቀረ አንድ ግራር አለ። ያንን ግራር አይተዉት። ኮሚቴው ለመኪና ማቆሚያ እንዲቆረጥ ይወስን፤ ሰብሳቢውም «አባባ፣ ቆራጮች ይፈልጉልን» ይበሉት። «እሺ» ይላል። ሦስት ቀን «አልተገኙም» እያለ ያሳልፋል። በአራተኛው ቀን በሌላ ሰው ተጠርተው መጥረቢያቸውን ይዘው የመጡትን ሰዎች ከበር ላይ ሆኖ «ኮሚቴው ሐሳቡን ቀይሯል» ብሎ ይመልሳቸዋል። በዚያ በር ላይ የዋሸው የመጀመሪያ ውሸት ይህ ይሁን። ለታማኝነቱ ሲል ከወንድሙ የሸሸው ሰው ለአባቱ ዛፍ ሲል ያንኑ ታማኝነት አሳልፎ ሲሰጥ፣ ስለዚህ ሰው እርስዎም ከዚህ በፊት የማያውቁት ነገር ይገለጥልዎታል።

ቋንቋውም በእጅዎ ያለ መሣሪያ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ የኖረ የገበሬ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በቤቱ አፋን ኦሮሞ ይናገራል፤ የእርስዎ ጥበቃ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያስበውም የሚያዝነውም በአማርኛ ነው። ለኮሚቴው በአማርኛ «እሺ» ብሎ ብቻውን ሲሆን ብሩን በአባቱ ቋንቋ ቢቆጥር፣ ከሁለት ዓለም መካከል መቆሙ ያለ ማብራሪያ ይታያል። የአክብሮት አነጋገርንም ይጠቀሙበት። ወንድማማቾቹ በመጨረሻ ሲገናኙ ታናሽየው ታላቁን እንደ ልጅነታቸው «አንተ» ብሎ ጀምሮ፣ የገንዘቡ ነገር ሲነሣ ወደ «እርስዎ» ቢሻገር፣ አክብሮቱ ከስድብ ይልቅ ያማል። እንዲህ ያለውን ነገር በቋንቋችን ለመጻፍ ያለንን ዕድል ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በደብዳቤዎ መጨረሻ ጥበቃውን ወደ ንስሐ አባቱ ወስደው ሁሉንም ለማናዘዝ እንዳሰቡ ገልጸዋል። እባክዎ አይቸኩሉ። ያ ትዕይንት ለመጻፍ ይቀላል፤ ነገር ግን ሰውየው የሆዱን ሁሉ ከተናገረ በኋላ የሚቀረው ትርፍ ገጽ ነው። ካስፈለገም ይሂድ፤ ጾሙን አለመጠበቁን ይናዘዝ፣ መቆጣቱን ይናዘዝ፣ ስለ ወንድሙ ግን ሳይተነፍስ ተባርኮ ይውጣ።

ጥያቄ፦ በልብ ወለዴ ውስጥ የሐሰት ሰነድ እያዘጋጀ ሰው የሚያታልል የመሬት ደላላ አለ። ለእርሱም ውስጣዊ ግጭት ብሰጠው ጥፋቱን ያቀለልኩለት አይመስልም?
ከሱሉልታ

መልስ፦ አይመስልም። አንባቢ የአጥፊውን ልብ ማወቁ በተጎጂው ላይ የደረሰውን አያስረሳውም፤ እንዲያውም ማወቅ እየቻለ ማጥፋቱ ፍርዱን ያከብደዋል። ደላላው በምንም ዋጋ የማይጥሰው አንድ ሕግ ይኑረው። ለምሳሌ የሰፈሩ ዕቁብ ዳኛ ይሁንና በዕቁብ ገንዘብ ላይ አንዲት ብር የማያጎድል፣ የዘገየውን ሰው ከኪሱ ሞልቶ የሚያወጣ ይሁን። ከዚያም በሐሰተኛ ካርታ ካታለላቸው ሰዎች አንዷ ያችኑ ዕቁብ የምትጥል ሴት ሆና ትገኝ፤ እርሱ እንደሆነ ሳታውቅም «በዚህ ሰፈር የማምነው አንተን ብቻ ነው» ብላ ለካርታው ልትከፍል ያሰበችውን ብር በአደራ ታስቀምጥበት። ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ንስሐ እንዲገባ ግን አያስገድዱት። እንዲሁም ለግማሽ ገጽ ብቅ ብሎ ለሚጠፋ የታክሲ ረዳት ይህን ሁሉ መሸከም አይገባውም።

ጥያቄ፦ የገጸ ባሕርዬን የውስጥ ንግግር ከትረካው ለመለየት በሰያፍ ፊደል ልጻፈው ወይስ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ላስገባው?
ከቡራዩ

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አያስፈልጉም። የፊደላችን ሰያፍ ኅትመት ላይ ዓይን ያደክማል፤ ትምህርተ ጥቅሱም ጮክ ብሎ ከተነገረው ጋር ያምታታል። አማርኛ ለማመንታት የተዘጋጀ የግስ መልክ ስላለው እርሱን ይመኑት፣ «ብሎ አሰበ» የሚለውንም ይሰርዙት። ሰውየው በሩ ላይ ቆሟል ብለው ጽፈው ወዲያው፦ ልሂድ? ቅዳሜ ነው፤ ከቤት አይጠፋም። ብሄድስ ምን እላለሁ? ልቅር። ብለው ቢቀጥሉ፣ ማን እያሰበ እንደሆነ አንባቢ ሳይነገረው ያውቃል።